ከሰማይ የታየውን በምድር ስለ መመርመር፤ የተማሪዎች የተግባር ልምምድ በጂንካና በደቡብ ኦሞ

ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር ወደ ጠፈር እንደ ላከች የሚታወቅ ነው። ኢ.ቲ.አር.ኤስ.ኤስ. አንድ ተብላ የተሰየመችው ይህች ሰው ሠራሽ ጨረቃ ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፤ ሥራዋም ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምድርን ገጽ እያነሣች ሥዕሉን በእንጦጦ ለሚገኘው ጣቢያ ማቀበል ነበር። በዚያ ቀን የተሰማን ደስታ ታላቅ ነበር። ደስታው ካለፈ በኋላ ግን ሁለት ጥያቄዎች ይቀራሉ፤ አንደኛው ከሰማይ የታየው ነገር እውነት መሆኑን ማን ያረጋግጣል የሚለው ነው፤ ሁለተኛውም በመሬቱ ላይ ለሚኖረው ሰው ማን ያስረዳዋል የሚለው ነው። ሁለቱም ሥራዎች ለተማሪዎች የተግባር ልምምድ የሚስማሙ መሆናቸውን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። ለምሳሌም የመረጥነው ጂንካንና ደቡብ ኦሞን ነው።

ጂንካን የመረጥንበት ምክንያት አለን። የኦሞ ወንዝ ሙርሲን፣ ቦዲን፣ ካሮን፣ ኛንጋቶምንና ዳሰነችን እያጠጣ ወደ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። የወንዙ ሙላት ከነሐሴ እስከ መስከረም ዳሩን አልብሶ ሲመለስ፤ ነዋሪዎቹ በቀረው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራሉ፤ አዝመራውንም በበጋ ይሰበስባሉ። ሙላቱ ሲበዛ ደግሞ ጥፋት ያመጣል። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የደረሰው ጎርፍ ቢያንስ 364 ሰዎችን ገድሏል። የጊቤ 3 ግድብ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የወንዙ ጠባይ ተለወጠ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የኦሞ ወንዝና የቱርካና ሐይቅ ውሃ በዳሰነች ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቀዬአቸው አፈናቀለ። እንግዲህ ውሃው የት ደረሰ፣ የትኛውስ መሬት ይታረሳል የሚለው ጥያቄ በዚህ አገር የእንጀራና የሕይወት ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ፊተኛው ጥያቄ እንለፍ። ሳተላይት የምታየው ብርሃን ብቻ ነው። ቅጠል፣ አፈርና ውሃ የፀሐይን ብርሃን እየራሳቸው መጠን ስለሚመልሱ፤ በዚህ ልዩነት መሬቱን ጫካ፣ ሣር፣ ውሃ ወይም ባዶ መሬት ብለን እንከፋፍላለን። የአውሮፓ ሴንቲኔል ሁለት ሳተላይት የምታነሣው ሥዕል እያንዳንዱ ነጥብ በምድር ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ይሸፍናል፤ የአሜሪካው ላንድሳት ደግሞ 30 ሜትር በ30 ሜትር ይሸፍናል። በኦሞ ዳር የአንድ ቤተሰብ የማሽላ ማሳ ጠባብና እንደ ወንዙ ዳር የተጠማዘዘ ስለ ሆነ፤ በአንዱ ነጥብ ውስጥ ማሳውም አሸዋውም ቁጥቋጦውም ተደባልቀው ይገባሉ። ደግሞም ማሳው በዓመት ውስጥ ለጥቂት ወራት ብቻ ይታያል። በሚያዝያ የተነሣ ሥዕል ያንኑ ቦታ ባዶ አድርጎ ቢያሳይ ሊያስደንቀን አይገባም።

ስለዚህ የካርታውን እውነተኛነት በምድር ላይ ሄዶ መመርመር ያስፈልጋል። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በካርታው ላይ በዕጣ የተወሰኑ ነጥቦች ይመረጣሉ፤ መርማሪው ቦታ አመልካች መሣሪያውን ይዞ ወደ እያንዳንዱ ነጥብ ይሄዳል፤ ያየውንም ከካርታው ጋር ያስተያያል። ለአብነት ያህል 100 ነጥቦች ተመረጡ እንበል። ካርታው 40ውን ባዶ መሬት፣ 60ውን ሣርና ቁጥቋጦ ይላቸዋል። ተማሪው ሄዶ ሲያይ፤ ባዶ ከተባሉት 40 ውስጥ 28ቱ በእርግጥ ባዶ ናቸው፤ 12ቱ ግን የማሽላ ማሳ ሆነው ተገኙ። ሣር ከተባሉት 60 ውስጥም 57ቱ ትክክል ሲሆኑ 3ቱ ማሳ ናቸው። ድምሩን ብንሠራ ካርታው ከ100 ውስጥ 85ቱን በትክክል ተናግሯል። ይህን ውጤት የሰማ ሰው ካርታው መልካም ነው ሊል ይችላል። ነገር ግን በምድር ላይ ከተገኙት 15 ማሳዎች ካርታው አንዱን እንኳ አላየም። በጠቅላላው ሲታይ 85 ከመቶ ያገኘው ካርታ ለገበሬው ግን ዜሮ ነው።

ይህ ምሳሌ የቁጥር ጨዋታ ብቻ አይደለም። በጥር 2003 ዓ.ም. ጂንካ ላይ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን የኦሞ ሸለቆ የስኳር ልማት ዕቅድ በይፋ ተነግሯል፤ ከዚያም በኋላ የኦሞ ኩራዝ ፕሮጀክት ሥራ ተጀምሯል። ለእንዲህ ያለ ሥራ መሬት በሚለይበት ጊዜ በካርታ ላይ «ባዶ» የሚለው አንድ ቃል የአንድን ቤተሰብ ጎተራ ሊያስቀር ይችላል። ስሕተቱ የሳተላይቷ አይደለም፤ ሳይመረመር የታመነው ካርታ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የማስረዳት ነገር ነው። ስለ ጠፈር ምርምር ለሙርሲ ወይም ለሐመር ሽማግሌ ልንነግር ስንሄድ፤ ስለ ሰማይ ምንም የማያውቅ ሰው ዘንድ የምንሄድ ከመሰለን ተሳስተናል። ዴቪድ ተርተንና ክላይቭ ራግልስ የተባሉ ሊቃውንት በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት እንደ ገለጹት፤ ሙርሲዎች የኦሞን ሙላት በደቡብ መስቀልና በአጠገቡ ባሉት ከዋክብት ይጠብቁ ነበር። እነዚህ ከዋክብት እየተከታተሉ ከምሽቱ ሰማይ ሲጠፉ የወንዙ ከፍታ የት እንደሚደርስ በየደረጃው ይታወቅ ነበር።

የዘመን አቆጣጠራቸውም አስተማሪ ነው። 12 የጨረቃ ወራት 354 ቀን ያህል ስለሚሆኑ፤ ከፀሐይ ዓመት 11 ቀን ይጎድላሉ። ሙርሲዎች ይህን የሚያስተካክሉት በታወጀ ጳጉሜን አይደለም። አሁን ስንተኛው ወር ነው ተብለው ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ አይሆንም፤ አንዱ አምስተኛ ነው ሲል ሌላው ስድስተኛ ነው ይላል፤ በመጨረሻም ዝናቡ፣ አበባው ወይም ወንዙ ማን ትክክል እንደ ነበረ ይፈርዳል። ቃልን ይዞ በምድር ላይ በሚታየው ነገር መመዘን፤ ከዚህ በላይ ስለ ካርታ ምርመራ ካልነው ጋር በአሳብ አንድ ነው።

ዛሬ ግን ከዋክብቱ በጊዜያቸው ቢጠልቁም ወንዙ በቀድሞው ልማድ አይሞላም፤ ውሃው በግድቡ ተይዞ በመጠን ይለቀቃልና። ስለዚህ የቀድሞው ምልክት የተቋረጠበት ሕዝብ አዲስ ምልክት ያስፈልገዋል። ደመናን አልፋ የምታይ የራዳር ሳተላይት በክረምት እንኳ የውሃውን ዳርቻ ልታሳይ ትችላለች። ዜናው ግን በእንግሊዝኛ ተጽፎ ቢሮ ውስጥ ከቀረ ለዳሰነች እረኛ ምን ይጠቅመዋል? በራሱ ቋንቋ፣ በሚያውቀው ኮረብታና ዛፍ ስም፣ ከብቱን ለማሸሽ በሚበቃ ጊዜ ሊደርሰው ይገባል።

ለዚህ ሥራ ከተማሪ የተሻለ ሠራተኛ ማግኘት ያስቸግራል። በ2010 ዓ.ም. ማስተማር በጀመረው በጂንካ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢውን ቋንቋ ከእናቱ አፍ የተማረ ተማሪ ይገኛል፤ በአዲስ አበባም የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ካርታ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉት። የሚያገናኛቸው ልምምዱ ነው። አሳቡም ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ያገለግሉ ነበር።

ነገር ግን ልምምዱ ዛሬ በተለመደው መንገድ ከተሠራ ብዙ አይጠቅምም። የተማሪ ልምምድ ብዙ ጊዜ የሚደረገው በክረምት ነው። ክረምት ደግሞ ሰማዩ በደመና የሚሸፈንበት፣ መንገዱ የሚበላሽበት፣ በወንዙ ዳርም ማሳ የማይታይበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የልምምዱ ጊዜ ለሁለት እንዲከፈል እናሳስባለን፤ እኩሌታው በነሐሴ የውሃውን ዳርቻ ለመመርመር፤ እኩሌታው በታኅሣሥና በጥር ማሳውን ለመቁጠር ይዋል። ደግሞ ተማሪው የሚመዘነው በሪፖርቱ ውፍረት መሆን የለበትም። ሦስት ነገሮች ይጠየቅ፤ ስንት ነጥብ መረመረ? ካርታው የሳተው የማንን መሬት ነው? ያገኘውንስ ለመሬቱ ባለቤቶች ተናግሮ ምን መለሱለት? በተለይ የኋለኛው መልስ ተጽፎ ወደ ኢንስቲትዩቱ ካልተመለሰ ሥራው አልተፈጸመም።

ቦታ አመልካች መሣሪያ፣ የመንገድ ገንዘብና አስተርጓሚ የማይወድቅ ዋጋ እንዳለው እናውቃለን። ይሁን እንጂ ሳተላይት ለማስወንጨፍ ከወጣው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። መምህራኖቻችንና የትምህርት ጓደኞቻችን በዚህ አሳብ ላይ እንዲነጋገሩበት እንለምናለን፤ በመጪው ታኅሣሥ የኦሞ ዳር ማሽላ ሲያሸት ከእኛ መካከል የሚቆጥረው ሰው ሊኖር ይገባል።