የእግዜር እንግዳና የሆቴል እንግዳ

«ሆቴል» የሚለው ቃል ከውጭ የመጣ ነው፤ መንገደኛን ማሳደር ግን ከቃሉ በፊት የነበረ የአገር ሥርዓት ነው። በአገራችን የማደሪያን ጠባይ ለመረዳት ሦስት ዐይነት እንግዶችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያውን ከበየዳ እንጀምር።

በራስ ደጀን ዙሪያ ባለው በዚህ ደጋ ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ስለ ሆነ፥ ሜዳ ላይ የቀረ መንገደኛ ለሕይወቱ ያሰጋል። ስለዚህ የመሸበት ሰው ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች! የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ይጣራል። ባለቤቱ ውሻውን ገሥጾ ያስገባዋል፤ እግሩን ያጥቡታል፤ ቆሎና ጠላ ያቀርቡለታል፤ ከመደቡ ላይ አጎዛ ያነጥፉለታል። «የእግዜር» መባሉም ያለ ምክንያት አይደለም። አብርሃም ሦስቱን እንግዶች ሲቀበል ሥላሴን እንዳስተናገደ ቤተ ክርስቲያን ስለምታስተምር፥ ያልታወቀውን ሰው ማን እንደ ላከው አይታወቅም። ዋጋውም ከላኪው ዘንድ ነው፤ ከእንግዳው የሚጠበቀው ወሬና ምርቃት ብቻ ነው።

ሁለተኛው የገዥ እንግዳ ነበረ። የንጉሥ ወይም የባላባት መልእክተኛ፥ በእነርሱም ፈቃድ የሚጓዝ የውጭ አገር ሰው በደረሰበት ሁሉ ገበሬው እንጀራና በግ እንዲያቀርብለት ይታዘዝ ነበር፤ ይህም ድርጎ ይባላል። መልኩ መስተንግዶ፥ ጠባዩ ግን ግብር ነው። የጥንት ተጓዦችን መጻሕፍት የሚያነብ ተማሪም ስለ «ልግስና» ሲወሳ፥ ሰጪው ወዶ ነው ወይስ ታዞ? ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ሦስተኛው የሆቴል እንግዳ ነው። በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመሠረተው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የዚህ ቀደምት ምሳሌ ነው። በአፍ እንደሚተረከው፥ መኳንንቱ በገንዘብ መብላትን ነውር አድርገው ስለ ሸሹ፥ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ጋብዘው አስለመዷቸው። ትረካው የተጋነነ ቢሆን እንኳ የሚያመለክተው ችግር እውነተኛ ነው፤ እንጀራ የሚሰጥ እንጂ የሚሸጥ አልነበረምና። ሆቴሉ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. በእሳት ቢጎዳም እንግዳ መቀበሉን ቀጥሏል። የሆቴል ዋና ጠባይ ግን ሒሳቡ ጧት መዘጋቱ ነው፤ ከፋዩም ተቀባዩም ባለዕዳ ሳይሆኑ ይለያያሉ።

የስሜን ብሔራዊ ፓርክ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1969 ከተቋቋመና በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ብዙ ጎብኚ ወደ አካባቢው መጥቷል፤ በደባርቅም ሆቴሎች አሉ። እኔ በበየዳ ባደርሁበት ቤት ጧት ገንዘብ ባወጣ፥ እመቤቲቱ ፊታቸውን አዞሩ። መንገድ መሪዬ በሹክሹክታ መክሮኝ ከስንቄ ቡናና ጨው «ለልጆቹ» ብዬ ብሰጥ ግን መርቀው ተቀበሉኝ።

ከዚህ የምንረዳው፥ ሥርዓቱ ውለታ መመለስን ሳይሆን ዋጋ መቍረጥን እንደሚከለክል ነው። ከፍሎ ማደር የሚችል ሰው ባዶ እጁን ገብቶ መስተንግዶውን እንደ መብት ከቈጠረው፥ የእግዜር እንግዳነቱ ቀርቶ ያለ አዛዥ ድርጎ በላ መሆኑ ነው።