ሴንሰሩ ይገምታል፣ ሚዛኑ ይፈርዳል

በሮሽ ሃሻናና በሱኮት ሰሞን በይዝራኤል ሸለቆ ወይም በሑላ በኩል ያለፈ ሰው የነጣ የጥጥ ማሳና ግዙፍ የመልቀሚያ መኪና ያያል። በአገር ቤት ጥጥ ዳምጠው የፈተሉ እናቶች መኪናውን ባያውቁትም የጥጡን ጠባይ ያውቃሉ፤ ከማሳ የመጣ ጥጥ ከክብደቱ ግማሽ የሚበልጠው ፍሬ ነው።

ለከርሞ የሚዘራውን ለመምረጥ ገበሬው ሁለት ሦስት ዓይነት ዘር በአንድ ማሳ ጎን ለጎን ይዘራል፤ ውሃውም ማዳበሪያውም እኩል ነው። ቀድሞ የየዘሩን ጥጥ ለብቻ አራግፎ መመዘን ግድ ስለነበር ለቀማው በየጊዜው ይቆም ነበር። አሁን ጥጡ በአየር እየተሳበ በሚያልፍበት ቱቦ ላይ ሴንሰር ይገጠማል። ከአንዱ ወገን ብርሃን ይለቀቃል፤ ጥጡ ሲያልፍ ብርሃኑን ይጋርደዋል፤ ኮምፒውተሩ ከተጋረደው ብርሃን ተነሥቶ ክብደቱን ያሰላል። ጂፒኤስ ደግሞ ቦታውን ይመዘግባል።

ልብ በሉ፣ ሴንሰሩ አይመዝንም፤ ይገምታል። ፍሬው ተለቅ ያለ ዘርና ፍሬው ደቃቅ የሆነ ዘር ብርሃኑን እኩል ላይጋርዱ ይችላሉ። አቧራና የቅጠል ጭማቂም መስተዋቱን ያደበዝዙታል። ስለዚህ ከየዘሩ ጥቂት ጭነት በሚዛን ተመዝኖ ቁጥሩ ወደ ኮምፒውተሩ ካልገባ፣ በስክሪኑ ላይ የበለጠ መስሎ የታየው ዘር ያነሰው ሊሆን ይችላል። ገበሬውም በዚያ ተማምኖ የዓመት ዘሩን ይገዛል።

ሚዛኑም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። ለምሳሌ አንዱ ዘር ከዱናም 500 ኪሎ ያልተዳመጠ ጥጥ ሰጠ እንበል፤ ሌላው 480። ሲዳመጥ ከመጀመሪያው ከመቶ 38፣ ከሁለተኛው ከመቶ 42 ንጹሕ ጥጥ ቢወጣ፣ የመጀመሪያው 190 ኪሎ ሲሆን ሁለተኛው ከ201 ኪሎ ያልፋል። ፍሬውም ለላሞች መኖ ይሸጣል፤ ትልቁ ገንዘብ ግን ያለው በተዳመጠው ጥጥ ላይ ነው።

እንግዲህ ሥራው መኪና መንዳት ብቻ አይደለም። መስተዋቱን መጥረግ፣ የትኛው ረድፍ የየትኛው ዘር እንደሆነ መጻፍ፣ ጭነቱን አስመዝኖ ከስክሪኑ ቁጥር ጋር ማስተያየት አለ። በእኔ አስተያየት ለዚህ ከኮምፒውተር እውቀት ይልቅ ጥንቃቄ ይበልጣል። ልጃችሁ ለለቀማ ወቅት ከተቀጠረ ይህን ማን እንደሚሠራና እሱንም ያስተምሩት እንደሆነ ገና ሳይጀምር ይጠይቅ። የሁለት ዘር ጥጥ አንድ ላይ ከተጫነና ረድፉ ካልተጻፈ፣ ያንን ንጽጽር ለማግኘት ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው።