ቀዝቃዛ ሲነካው የሚጠዘጥዝ ጥርስ

ከማቀዝቀዣ የወጣ አምቦ ውሃ አንዴ ጎንጨት ብለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጉንጫቸውን የሚይዙ ሰዎች ሳያዩ አይቀሩም። እኔም ከእነዚሁ ነኝ። እንደ መርፌ ወጋ አድርጎ በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል። ጥርሱን በመስተዋት ሲያዩት ግን ቀዳዳም ጥቁረትም የለበትም።

የጥርስ የላይኛው ልባስ ኢናሜል ከሰውነታችን ሁሉ የጠነከረው ነው፤ ነርቭ ስለሌለው ብርድም ሙቀትም አያውቅም። ጣጣው ከታቹ ያለው ዴንቲን ነው። ዴንቲን ድፍን ይምሰል እንጂ ዓይን በማያያቸው ቱቦዎች የተበሳሳ ነው፤ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር ላይ ብቻ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። ውስጣቸው ፈሳሽ አለ፤ መጨረሻቸው ነርቩ ጋ ነው። ቀዝቃዛ ሲነካቸው ፈሳሹ ወደ ውጭ ይሳባል፣ ትኩስ ሲነካቸው ወደ ውስጥ ይገፋል፤ የሚያመን ይኸው እንቅስቃሴ ነው። ስዊድናዊው ተመራማሪ ማርቲን ብሬንስትሮም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ይህን በሙከራ አጠናክሮታል። ነርቩን ይበልጥ የሚቆጠቁጠው ወደ ውጭ የሚሳበው ስለሆነ ከትኩስ ቡና ይልቅ በረዶ ይብሳል።

ዴንቲኑን ማን ገለጠው? ብዙ ጊዜ እኛው። ጥርስ በጉልበት የሚጸዳ የሚመስለን ብዙ ነን። ጠንካራ ብሩሽ ወይም ጫፉ በደንብ ያልታኘከ መፋቂያ ይዘን ወደ ጎን ስንፈገፍግ ድድ ይሸሻል፣ ኢናሜል የሌለው የጥርስ ሥር ይጋለጣል። ለስላሳ መጠጥና ሎሚም ኢናሜሉን ያሳሳሉ፤ ሎሚ ጥርስ ያጠርሳል መባሉ በከንቱ አይደለም። ሎሚ መጥጦ ወዲያው መቦረሽ ደግሞ የለሰለሰውን መፋቅ ነው። በውሃ ተጉመጥምጦ ግማሽ ሰዓት ያህል መታገሥ ይሻላል።

እንግዲህ ለስላሳ ብሩሽ ይግዙ፤ እንደ እስክሪብቶ በጣት ይያዙት፣ ያኔ ጉልበቱ ራሱ ይቀንሳል። ለእንዲህ ዓይነት ጥርስ ተብለው ከሚሸጡት የጥርስ ሳሙናዎች ፖታሲየም ናይትሬት ያለበት ነርቩን ያረጋጋል፤ ስታነስ ፍሎራይድ ያለበት የቱቦዎቹን አፍ ይደፍናል። ለውጡ የሚታየው ግን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው። እኔ በ3ኛው ቀን «አይረባም» ብዬ ጥዬው ነበር። አረፋውን ተፍተው ይተዉት፣ በብዙ ውሃ አያጥቡት። ቅርንፉድ መያዝ ለጊዜው ያደነዝዛል እንጂ ቱቦ አይደፍንም።

ሕመሙ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ ወይም አንድ ጥርስ ላይ ብቻ ከጸና ነርቩ ራሱ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሳሙና መቀያየሩን ትተው የጥርስ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።