ጉበን፣ መቃን፣ ደፍ፦ የአሮጌ ቤት መስኮት ሲታደስ

በእንግሊዝ አገር ኮትስወልድ የሚባለው ኮረብታማ ምድር መንደሮቹ የማር ቀለም ባለው የኖራ ድንጋይ የተገነቡ ናቸው። በቢቡሪ መንደር የሚገኘው አርሊንግተን ሮው የተባለ የቤቶች ረድፍ እ.ኤ.አ. በ1380 የሱፍ ማከማቻ ሆኖ ተሠርቶ፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሸማኔዎች መኖሪያ ሆኗል። በዚህ አካባቢ አሮጌ ቤት ገዝቶ ማደስ የጀመረ ሰው መስኮቶቹ ዘንድ ሲደርስ ቆም ማለቱ አይቀርም። ዙሪያውን ያቀፈው ጥርብ ድንጋይ ተልጦ፣ ጠርዙ ረግፎ ያገኘዋል።

ይህ ድንጋይ ጌጥ ቢመስልም ሥራ አለበት። ጉበኑ ከላይ ያለውን ግድግዳ ይሸከማል፤ መቃኖቹ ሸክሙን ወደ ታች ያወርዱታል፤ መስኮቱ ሰፊ ከሆነ ቀጫጭን የድንጋይ ምሰሶዎች መሐል ገብተው ጉበኑን ያግዛሉ። ደፉ ደግሞ ዝናብን የሚያባርር ነው። ፊቱ ወደ ውጭ ዘመም ብሎ ከግድግዳው ወጣ ይላል። እጅዎን ከሥሩ ሰደው ቢዳብሱ ከዳር እስከ ዳር የተፈለፈለች ቀጭን ቦይ ያገኛሉ። በደፉ ሆድ ሥር ተስቦ ወደ ግድግዳው ሊመለስ የነበረው ውሃ እዚያች ቦይ ላይ ሲደርስ ይንጠባጠባል። ቦይዋ በቀለም ወይም በሲሚንቶ ከተደፈነች ግድግዳው ይረጥባል።

ድንጋዩን ቀረብ ብሎ ላየው፣ ጤፍ የሚያካክሉ ድቡልቡል ቅንጣቶች ተጣብቀው የሠሩት ነው። ጥንት በባሕር ወለል ላይ እየተነባበረ ስለተከማቸ፣ ጠራቢው ድንጋዩ በተፈጥሮው እንዴት ተኝቶ እንደነበር ማወቅ አለበት። ንብርብሩ ፊቱን ወደ ውጭ አዙሮ ከቆመ፣ ውሃ ገብቶበት በረዶ ሲሆን ቅርፊት በቅርፊት ይላጣል። በድንጋዩ ውስጥ የተቀበሩ የድሮ የመስኮት ብረቶችም ሲዝጉ ያብጡና ይሰነጥቁታል።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን በጥገና ስም የሚመጣው ሲሚንቶ ነው። የጥንቱ ግድግዳ በኖራ የተያያዘ ነው፤ ኖራ እርጥበት የሚያሳልፍ ስለሆነ እርጥበቱ በመጋጠሚያው በኩል ይወጣል። መጋጠሚያው በሲሚንቶ ሲደፈን እርጥበቱ በድንጋዩ በኩል መውጣት ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ጨውና ውርጭ ይበሉታል። እኛም ይህን በጎንደር አይተነዋል። የፋሲል ግቢ ሕንፃዎች በኖራ የተገነቡ ሆነው ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በጣሊያን ወረራ ዘመን በሲሚንቶ ተጠግነው፣ ኋላ ጥገናውን ማስተካከል ግድ ሆኗል።

ታዲያ የተጎዳውን ሁሉ መንቀል ያስፈልጋል? አያስፈልግም። ዊልያም ሞሪስ እ.ኤ.አ. በ1877 ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው የጥንታዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ማኅበር አሮጌውን አዲስ ከማስመሰል መጠገን እንደሚሻል ሲያስተምር ኖሯል፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ። ባለሙያ ድንጋዩን በመዶሻ ቀስ ብሎ መታ መታ ያደርገዋል፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ። ጉዳቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ከሆነ ያንኑ ቆርጦ አውጥቶ በልኩ የተጠረበ ድንጋይ ይተካበታል፤ በማይዝግ ብረትና በኖራም ይያያዛል። አዲሱ ድንጋይ ከተቻለ አሮጌው ከወጣበት የድንጋይ ካባ የወጣ ይሁን።

ጉበን መቀየር ግን ሌላ ነገር ነው። ድጋፍ ቆሞ የላይኛው ግድግዳ ሸክም ሳይያዝ ጉበን አይነካም። የኖራው ሥራም ውርጭ በሌለበት ወቅት ተሠርቶ፣ ቶሎ እንዳይደርቅ በረጠበ ጆንያ መሸፈን አለበት።

በእንግሊዝ እንዲህ ያለው ቤት በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ፣ መልኩን የሚለውጥ ሥራ ያለ ፈቃድ መሥራት በወንጀል ያስጠይቃል። እዚያ አሮጌ ቤት የገዛችሁ ወገኖች፣ ድንጋዩ ከመነቀሉ በፊት የአካባቢውን አስተዳደር ጠይቁ፤ ግንበኛችሁንም በኖራ ሠርቶ እንደሚያውቅ አረጋግጡ።