ሁለት ኬብል እንደ አንድ መስመር፦ በሰርቨርና በስዊች መካከል ስለሚደረግ ሊንክ አግሪጌሽን



ሰርቨርን ከስዊች ጋር በሁለት ባለ 1 ጊጋቢት ኬብሎች አገናኝቶ እንደ አንድ መስመር ማሠራት ሊንክ አግሪጌሽን ይባላል። አንዱ ኬብል ቢበጠስ ሌላው ሥራውን ይቀጥላል፤ የብዙ ተጠቃሚዎች ጭነትም በሁለቱ ላይ ይከፋፈላል። ይሁን እንጂ አንድ ትልቅ ፋይል የሚያወርድ ተጠቃሚ ከ1 ጊጋቢት በላይ ፍጥነት አያገኝም። ለምን?

እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀውና በ2008 802.1ኤኤክስ በሚል ስያሜ ራሱን የቻለው ደረጃ፣ የአንድ ግንኙነት ፍሬሞች ቅደም ተከተል እንዳይዛባ ያዛል። ስለዚህ ላኪው ፍሬሞቹን በሁለቱ ኬብሎች እያፈራረቀ አይልክም፤ ከአድራሻቸው ሃሽ አስልቶ የአንዱን ግንኙነት ፍሬሞች በሙሉ በአንድ ኬብል ይሰዳል።

እንግዲህ ወሳኙ ጥያቄ የትኛው አድራሻ ይሰላ የሚለው ነው። የሊኑክስ መነሻ ቅንብር የማክ አድራሻን ይጠቀማል። ተጠቃሚዎቹ ሁሉ ከአንድ ራውተር ጀርባ ከሆኑ ግን ሰርቨሩ የሚያየው መድረሻ ማክ የራውተሩን ብቻ ነው። አንዱ ኬብል ሲጨናነቅ ሌላው ሥራ ፈትቶ ይቆያል። መፍትሔው ሃሹ በአይፒ አድራሻና በፖርት ቁጥር እንዲሰላ ማድረግ ነው። ይህ ግን የሚገዛው ከሰርቨሩ የሚወጣውን ብቻ ነው፤ ወደ ሰርቨሩ የሚገባውን የሚያከፋፍለው ስዊቹ ስለሆነ እርሱም በበኩሉ መስተካከል አለበት።

ሁለተኛው ጉዳይ ድርድር ነው። በእጅ ብቻ የተዋቀረ ጥምረት ኬብሉ በስህተት ወደ ሌላ ፖርት ቢገባ እንኳ መብራቱ ስለበራ ደህና ነው ብሎ ይቀበለዋል፤ ፍሬሞቹ ግን ይጠፋሉ። ኤልኤሲፒ የተባለው ፕሮቶኮል በየ1 ወይም በየ30 ሰከንዱ መልእክት እየተለዋወጠ በሌላው ጫፍ ማን እንዳለ ያረጋግጣል። ሦስት መልእክት የሚያህል ጊዜ ዝምታ ካለፈ ኬብሉን ከጥምረቱ ያስወጣል። መብራቱ ሳይጠፋ ለተከሰተ ብልሽት፣ ልዩነቱ የ3 እና የ90 ሰከንድ ነው።

በመጨረሻም፣ ኬብሎቹን በሁለት የተለያዩ ስዊቾች መሰካት ብቻውን በቂ አይደለም። ስዊቾቹ በስታክ ወይም በኤምላግ ተጣምረው እንደ አንድ መሣሪያ ካልቀረቡ፣ ሰርቨሩ ሁለት ባለቤቶችን አይቶ አንዱን ብቻ ያሠራል። ስለሆነም አገልግሎት ከመጀመሩ በፊት ኬብሎቹን በየተራ ነቅላችሁ፣ ቀጥሎም አንዱን ስዊች አጥፍታችሁ ፈትኑ፤ ያልተፈተነ መጠባበቂያ እንደሌለ ይቆጠራልና።