የመስቀል ወፍ ወዴት ትሄዳለች?

ክረምቱ አልፎ ሜዳው በአደይ አበባ ሲያጌጥ፥ በቡሬ ዙሪያ በየማሳው ዳርና በፈጣም ወንዝ አጠገብ ባለው ረዥም ሣር ላይ ቀይና ጥቁር ወይም ቢጫና ጥቁር ላባ የለበሱ ትንንሽ ወፎች ይታያሉ። ሕዝባችን የመስቀል ወፍ ይላቸዋል። ታኅሣሥ ሲገባ ግን ፈልገን አናገኛቸውም። ከዚህም የተነሣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ የሚለውን ወዳጅ «አንተማ የመስቀል ወፍ ሆንህ» እያልን እንወቅሰዋለን።

ለመሆኑ ይህች ወፍ ከየት መጥታ ወዴት ትሄዳለች? መልሱ አጭር ነው፤ የትም አትሄድም።

በእርግጥ በየአገሩ የመስቀል ወፍ የሚባለው አንድ ዓይነት ወፍ ብቻ አይደለም። ነገር ግን በቀይና በቢጫ ላባ ከሚያጌጡት ብዙዎቹ ሣር እየጎነጎኑ ጎጆ ከሚሠሩት ወፎች ወገን ናቸው። ከእነዚህም ወንዱ የመራቢያው ጊዜ ሲደርስ ቡናማ ላባውን አራግፎ የጌጥ ላባ ያበቅላል። ይህንም የሚያደርገው ሴቲቱን ለመሳብና ሌላውን ወንድ ከክልሉ ለማራቅ ነው። ሴቲቱ ግን ዓመቱን ሙሉ ድንቢጥ መስላ ትኖራለች። ስለዚህ እኛ «እርሷ» እያልን የምንጠራት ባለጌጥ ወፍ ወንዱ ነው! የመራቢያው ወራት ሲያልፍ ወንዱም ጌጡን አውልቆ ቡናማ ይሆናል። ከዚያ በኋላ በፊታችን ቢያልፍም አናውቀውም።

ታዲያ ከሩቅ አገር የሚመጣ ወፍ የለምን? አለ እንጂ። በአገራችን ከሚታወቁት ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች መካከል 200 ያህሉ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ እንግዶች ናቸው። ብዙዎቹ በመስከረምና በመጸው፥ ይኸውም ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ባለው ጊዜ ውስጥ ይደርሳሉ። ጅራቷን እየነቀነቀች ከከብት እግር ሥር ነፍሳት የምትለቅም ሆደ ቢጫ ትንሽ ወፍ ከእነዚህ አንዷ ናት። ነጭ ሽመላም እንዲሁ፤ ፈረንጆች ክሬን የሚሉት አንገተ ረዥሙ ግራጫ ወፍም እንዲሁ። ይህ ወፍ በጣና ዳርቻ በብዙ ሺህ ሆኖ ይሰፍራል፤ እህል ከታጨደ በኋላም በማሳ ላይ የወደቀውን ይለቅማል።

እነዚህን እንግዶች ከአገራቸው የሚያስወጣቸው ብርዱ ብቻ አይደለም፤ ዋናው ምክንያት ረኃብ ነው። መሬቱ በበረዶ ሲሸፈን ነፍሳቱ ይጠፋሉ፤ ውኃውም ይቆልፋል። ትንንሾቹ ወፎች ከጉዞው በፊት ብዙ በልተው ስንቃቸውን በስብ መልክ በሰውነታቸው ውስጥ ይይዛሉ። መንገዳቸውንም በፀሐይ፥ በከዋክብትና በመሬት የማግኔት ኃይል እየተመሩ ያገኛሉ። ሽመላ ክንፏን ዘርግታ ከምድር በሚነሣው ሞቃት አየር ላይ ስለምትንሳፈፍ ሰፊ ባሕር ማቋረጥ አትወድም። ስለዚህ በቦስፎርና በሲና በኩል ዞራ ወደ አፍሪካ ትገባለች።

ይህ ነገር የታወቀው በቀላሉ አይደለም። በቀድሞ ዘመን በአውሮፓ ወፎች የበረዶውን ወራት በጭቃና በውኃ ውስጥ ተኝተው ያሳልፋሉ የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። እነርሱ የሄደውን አልሄደም አሉ፤ እኛ ደግሞ ያልሄደውን ሄደ አልን። እ.ኤ.አ. በ1822 ግን በጀርመን አገር በሜክለንበርግ አንዲት ሽመላ አንገቷ ላይ የአፍሪካ ጦር እንደ ተሰካ ተገኘች። ከአፍሪካ ለመምጣቷ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላስፈለገም። እ.ኤ.አ. በ1899 ደግሞ ሞርተንሰን የተባለ ዴንማርካዊ የትምህርት ቤት መምህር ቁጥር የተጻፈበት የአሉሚንየም ቀለበት በወፎች እግር ላይ እያሰረ ይለቅ ጀመር። ወፏ በሌላ አገር ስትገኝ ከወዴት እንደ መጣች ቁጥሩ ይናገራል። ስለዚህ ማንም ሰው ቀለበት ያላት የሞተች ወፍ ቢያገኝ፥ ጽሑፉንና ቁጥሩን፥ ቀኑንና ስፍራውን መዝግቦ ለባዮሎጂ መምህሩ ቢሰጥ ትልቅ ውለታ ነው።

እኛም ያለ ብዙ ወጪ መመርመር እንችላለን። ወፍ ለማየት የተሻለው ጊዜ ማለዳ ነው። የሩቅ ማያ መነጽር ባይኖርም ዓይንና ትዕግሥት ይበቃሉ። ነጭ ጋቢ ከሩቅ ስለሚያስታውቅ ቤት ይቅር፤ ወንጭፍና ውሻም እንዲሁ። በደብተር ላይ ቀኑን፥ ስፍራውን፥ የወፉን መጠን፥ የመንቁሩንና የእግሩን ቅርጽ፥ የሚሠራውንም እንጻፍ። የውኃ ወፎችን ለማየት በፍኖተ ሰላም አጠገብ ያለው የገራይ ግድብ ዳርቻ መልካም ስፍራ ነው።

ለመስቀል ወፍ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከቤታችን አጠገብ አንድ የረዥም ሣር ስፍራ መርጠን ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በየሳምንቱ እንቁጠር። ወንዱ ጌጡን በሚያወልቅበት ሰሞን እኩሌታው ቀይ፥ እኩሌታው ቡናማ የሆነ ወፍ እናያለን። መንገደኛ ሳይሆን ልብስ ለዋጭ መሆኑን የሚመሰክረው ይህ ቡራቡሬ ወፍ ነው።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል ቢባል፥ ኃላፊነታችንን ያሳየናል። ገበሬ እህሉን ከወፍ መጠበቁ ተገቢ ነው፤ ወፎቹ እህል ይበላሉና። ነገር ግን በመስከረም በሣሩ መካከል ዕንቁላልና ጫጩት ያለበትን ጎጆ በጨዋታ ማፍረስ ለማንም አይጠቅምም። እንዲሁም ረግረጉ ሁሉ ተንጣፎ ባሕር ዛፍ ከተተከለበት፥ የወንዙም ዳር እስከ ውኃው ጫፍ ከታረሰ፥ እንግዳው ማረፊያ፥ ባለ አገሩም ጎጆ መሥሪያ ያጣሉ።

የመስቀል ወፍ እንግዳ ብትሆን ኖሮ፥ አንድ ዓመት ብትቀር በሌላ አገር አለች ብለን በተጽናናን ነበር። ነገር ግን የእኛው ናት። በአንድ መስከረም ሣሩ ላይ ካጣናት፥ ሄዳለች ማለት አንችልም።