ሽጉጥ ከመግዛትህ በፊት ፈቃዱን አንብብ

የጫኖ ገበሬ ሆይ! ሙዝና ማንጎ ሸጠህ ጥቂት ብር ስትይዝ፣ «ሽጉጥ አለኝ፣ በርካሽ ልስጥህ» የሚል ሰው በጨለማ ይመጣብህ ይሆናል። እሺ አትበለው። መጀመሪያ ፈቃድ፣ ከዚያ በኋላ መሣሪያ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መግዛትንም፣ መያዝንም፣ መሸጥንም ይከለክላል። ተደብቆ የተገዛ ሽጉጥ ብርህንም ይበላል፣ አንተንም ያሳስርሃል።

ቁጥጥሩ የፌዴራል ፖሊስ ነው። አንተ ግን አዲስ አበባ ድረስ መድከም የለብህም፤ በቅድሚያ የወረዳህን ፖሊስ ጠይቅ።

ፈቃድ ሲሰጥህ አጣጥፈህ ኪስህ አትክተተው። ፊደል ቆጥረሃል፤ እዚያው ቁጭ ብለህ አንብበው። ስምህ በትክክል ተጽፏል ወይ? በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥርና የወረቀቱ ቁጥር አንድ ናቸው ወይ? አንዲት አኃዝ ብትለይ ነገ ፍተሻ ላይ የሌላ ሰው መሣሪያ ይዘሃል ተብለህ ትጠረጠራለህ።

«የአባቴ ነው፣ ድሮም ቤታችን ነበር» ማለትም አያድንም። ፈቃድ የሰው ነው እንጂ የቤት አይደለም። አባት ሲሞት ልጅ ለፖሊስ አሳውቆ በራሱ ስም ይጠይቃል።

ከርከሮና ዝንጀሮ ሙዝህን ቢያጠፉብህስ? የሽጉጥ ፈቃድ የአደን ፈቃድ አይደለም! ማሳህን እንደ ድሮው በጥበቃ ያዝ።

ቤት ውስጥ ሽጉጡንና ጥይቱን ለየብቻ ቆልፍባቸው። ትራስ ሥር የተደበቀውን ቀድሞ የሚያገኘው ሕፃን ልጅ ነው። ቢሰረቅብህ ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትል ለፖሊስ አመልክት። ዝም ካልክ ሌባው በዚያ ብረት ለሚሠራው ወንጀል መጀመሪያ የሚጠየቀው ስሙ የተመዘገበው ሰው፣ ማለትም አንተ ነህ።